ከኬክሮስ እስከ ክሮኖሜትር፦ በአያት ሰዓት ላይ የተጻፈውን ማንበብ

የዛሬው ረዘም ስለሚል ቡና አስፈልታችሁ አንብቡት።

ሰሞኑን በውስጥ መስመር ሁለት ጥያቄ ደረሰኝ። አንዱ ሞጣ ያስተማርኩት፣ አሁን ውጭ አገር የሚኖር ልጅ ነው። ለአባቱ ሰዓት ሊገዛ አስቦ «ቲቸር፣ ክሮኖሜትርና ክሮኖግራፍ አንድ ነው እንዴ? ሻጩ ሲያቀላቅላቸው ግራ ገባኝ» ይለኛል። ሁለተኛዋ የቢቸና ልጅ ናት። ከአያቷ የቀረ የኪስ ሰዓት ቤት ውስጥ አለ፤ ወርቅ ገዢ በግራም መዝኖ ሊወስደው ነው፤ ቤተሰቡ «ይሸጥ፣ አይሸጥ» እየተባባለ ነው።

ጥያቄዎቹ የማይገናኙ ይመስላሉ፤ ግን ሁለቱም የቃል ጥያቄ ናቸው። ሰዓት ላይ፣ ፊቱም ላይ ጀርባውም ላይ ቃል ይጻፋል። ያንን ያላነበበ ገዢ የማይፈልገውን ነገር በውድ ይገዛል፤ ያላነበበ ሻጭ ደግሞ የቤተሰቡን ታሪክ በወርቅ ሚዛን ያስረክባል። እኔ ሰዓት ሰሪ አይደለሁም፣ የታሪክ አስተማሪ ነበርኩ። ስለዚህ የማወራው ቃላቱ ከየት እንደመጡና ለገዢው ምን ቃል እንደሚገቡ ነው።

ከቤታችን ልጀምር። ዲማ ጊዮርጊስን በመሰሉ የምሥራቅ ጎጃም ደብሮች አካባቢ ያደገ ሰው ባሕረ ሐሳብ የሚለውን ቃል ሳይሰማ አይቀርም። በባሕረ ሐሳብ አንድ ዕለት የሚከፈለው በ24 ሳይሆን በ60 ነው። ከስድሳ አንዱ ኬክሮስ ይባላል፤ በዛሬው ልክ 24 ደቂቃ ነው። ኬክሮስ እንደገና በ60 ሲከፈል ካልዒት ይሆናል፣ 24 ሰከንድ። ካልዒት በ60 ሲከፈል ሣልሲት፣ 0.4 ሰከንድ። ከዚያም ራብዒት፣ ኃምሲት፣ ሳድሲት እያለ ይወርዳል። ሊቃውንቱ ይህን ያህል የቀጠነ ጊዜ የሚለካ መሣሪያ በእጃቸው አልነበረም፤ ቀኑን የሚያውቁት በጥላ፣ በዶሮ ጩኸትና በቅዳሴ ሰዓት ነበር። ክፍልፋዩ የሒሳብ ነው።

አሁን አንድ የድሮ የኪስ ሰዓት ጆሯችሁ ላይ አድርጉ። ቲክ ቲክ የሚለው ውስጡ ያለች ቀጭን ጎማ ወዲያና ወዲህ ስትወዛወዝ ነው። አብዛኞቹ የድሮ ሰዓቶች በሰዓት 18,000 ጊዜ ይመታሉ፤ በሰከንድ አምስት ማለት ነው። ጎማዋ ሄዳ ለመመለስ ሁለት ምት ያስፈልጋታል፤ ያ 0.4 ሰከንድ ነው። አንዲት ሣልሲት! አጋጣሚ ነው፣ ግን ያለ ምክንያት አይደለም፤ በ60 መክፈልን እኛም ፈረንጆቹም ያገኘነው ከጥንት ባቢሎናውያን በግሪኮች በኩል ነው። ዛሬ ሻጭ «28,800 ነው» ብሎ ሲኮራባችሁ በሰከንድ ስምንት ጊዜ ይመታል ማለቱ ነው። ምቱ በበዛ ቁጥር ሰዓቱ በእጅ እንቅስቃሴ ቶሎ አይረበሽም። 18,000 የሚመታ ሰዓት ግን የተበላሸ ወይም ተራ ነው ማለት አይደለም፤ ዘመኑ ነው።

ሌላው ቃል ከገበያ ነው። የሞጣ ሰዓት ሰሪ መነጽሯን ዓይኑ ላይ ጠቅ አድርጎ «ሞላው ተበጥሷል» ይላችኋል። ሞላ ጣልያንኛ ነው፣ የተጠቀለለ ብረት። እኛ ደግሞ «ሰዓቴን ሞላሁት» የምንለው ከራሳችን «መሙላት» ነው። ሁለቱ ቃላት እዚች ትንሽ ሣጥን ውስጥ ተገናኝተው ሰው ሁሉ አንድ ይመስለዋል። ጠዋት ጠዋት በጣት የሚሞላው ማኑዋል ነው። በእጅ መወዛወዝ ራሱን የሚሞላው አውቶማቲክ ነው፤ ውስጡ ግማሽ ክብ ክብደት ይሽከረከራል። በባትሪ የሚሠራው ኳርትዝ ሲሆን ሰከንድ ቆጣሪው በየሰከንዱ ዝልል ዝልል ሲል ታዩታላችሁ። እዚህ ላይ አንድ ወጥመድ አለ። ሮሌክስ ላይ «ፐርፔቹዋል» የሚለው ቃል ራሱን ይሞላል ማለት ብቻ ነው። «ፐርፔቹዋል ካሌንደር» ደግሞ ሌላ ነገር ነው፣ በብዙ እጥፍ የሚወደድ፤ ወደ እሱ እመለሳለሁ።

ለቢቸናዋ ልጅ ወደሚያስፈልጋት ልምጣ፦ ድንጋይና ወርቅ።

ሰዓቱ ላይ «17 ጁወልስ» ተብሎ ሲታይ ብዙ ሰው ውስጡ 17 ዕንቁ ያለ ይመስለዋል። ጁወል ማለት የጥርሶቹ ዘንግ የሚዞርበት ጠንካራ ድንጋይ ነው፣ ብረት ብረትን እንዳይበላ። ሐሳቡ እንግሊዝ አገር በ1704 እ.ኤ.አ. የባለቤትነት መብት የተሰጠው ነው። ከ20ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ወዲህ ግን ድንጋዩ በምድጃ የሚሠራ ሰው ሠራሽ ሩቢ ነው፣ ዋጋው ሳንቲም። ለተራ በእጅ የሚሞላ ሰዓት 17 በቂ ነው። ቁጥሩን በማብዛት የሚፎካከሩ ፋብሪካዎች የነበሩበት ዘመን ነበር፤ ያ ማስታወቂያ ነው።

ወርቁ ላይ ግን ቃሉ ገንዘብ ነው። 750 ወይም 18 ካራት የሚል ካለ ድፍን ነው፤ 585 ማለት 14 ካራት ነው። የድሮ ስዊዝ ሰዓት ከሆነ ክዳኑ ውስጥ በጣም ትንንሽ ምስል ፈልጉ፦ የሴት ራስ 18 ካራት፣ ሽኮኮ 14 ካራት። ድብ ወይም ቆቅ የምትመስል ወፍ ካያችሁ ብር ነው። «20 ማይክሮን» የሚል ከሆነ ወርቅ ቅብ ነው፤ ማይክሮን የሚሊ ሜትር አንድ ሺህኛ መሆኑን አስታውሱ። «ጎልድ ፊልድ» ወይም «ሮልድ ጎልድ» የሚለው ደግሞ ሌላ ብረት ላይ ቀጭን የወርቅ ቆዳ ተጭኖ ነው። የአሜሪካ ኪስ ሰዓቶች ላይ «የ25 ዓመት ዋስትና» ተብሎ የሚታተመው ብዙ ሰው ያታልላል። ዋስትናው የሞተሩ አይደለም፤ የወርቁ ቆዳ 25 ዓመት ሳይፋቅ ይቆያል ማለት ነው። ድፍን ወርቅ ይህን ዋስትና ለምን ይፈልጋል?

ድፍንም ቢሆን፣ በግራም የሚገዛ ሰው ሞተሩን አውጥቶ ይጥለዋል። የሚከፍለው ለቅርፊቱ ብቻ ነው።

አሁን ክሮኖሜትርና ክሮኖግራፍ። ሁለቱም ከግሪክ ናቸው። ክሮኖሜትር ጊዜ ለኪ፣ ክሮኖግራፍ ጊዜ ጸሐፊ ማለት ነው። ክሮኖሜትር የልክነት ማዕረግ ነው። መነሻው ባሕር ላይ ነው፤ መርከብ በምሥራቅና በምዕራብ የት እንዳለች ለማወቅ የማይዛነፍ ሰዓት ያስፈልጋት ስለነበር እንግሊዛዊው አናጢ ጆን ሃሪሰን ዕድሜውን በዚህ ፈጀ። ዛሬ ቃሉን ስዊዘርላንድ የሚሰጠው በ1973 እ.ኤ.አ. የተቋቋመ ኮስክ የሚባል ድርጅት ነው። ሞተሩ 15 ቀን፣ በአምስት አቀማመጥና በሦስት ዓይነት ሙቀት ይፈተናል፤ በቀን በአማካይ ከ4 ሰከንድ በላይ ወደኋላ፣ ከ6 ሰከንድ በላይ ወደፊት መሄድ የለበትም። ክሮኖግራፍ ደግሞ ልክነቱን አይነግራችሁም። ጎኑ ላይ ባለ ቁልፍ የምታስነሡትና የምታቆሙት ተጨማሪ ሰከንድ ቆጣሪ አለው፣ በቃ። አንድ ሰዓት ሁለቱንም ሊሆን ይችላል፣ ወይም አንዱንም ላይሆን።

ክሮኖግራፍ ለኛ ምን እንዳደረገ አበበ ቢቂላን አስቡ። ሮም ላይ በ1960 እ.ኤ.አ. በባዶ እግሩ 2 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ከ16.2 ሰከንድ ሲገባ የኦሊምፒኩ ሰዓት ያዥ ኦሜጋ ነበር። ሞሮኳዊው ራዲ የገባው ከ25.4 ሰከንድ በኋላ ነው፤ በባሕረ ሐሳብ አንድ ካልዒት ከምትል ነገር ማለት ነው። እንዲህ ተከታትለው የሚገቡ ሰዎችን ለመያዝ የተሠራ ክሮኖግራፍ ራትራፓንት ይባላል። ሁለት ሰከንድ ቆጣሪ ተደራርበው ይሄዳሉ፤ አንደኛው ሲገባ አንዱ ይቆማል፣ ሌላው ይቀጥላል፤ ተነቦ ሲያልቅ የቆመው ዘሎ ጓደኛውን ይደርስበታል። ከሰዓት ሥራ ሁሉ አስቸጋሪ ከሚባሉት አንዱ ይኸው ነው፣ ዋጋውም እንደዚያው። ቶኪዮ ላይ ጥቅምት 11 ቀን 1957 ዓ.ም. አበበ 2:12:11.2 ሲገባ ሰዓት ያዡ ሴይኮ ነበር። የጃፓኑ ፋብሪካ ከስዊዞቹ እኩል መቆሙን ለዓለም ያሳየው በዚያ ኦሊምፒክ ነው።

አበበ ሮም ላይ ያሸነፈው በኛ በስንት ቀን እንደሆነ ታውቃላችሁ? ጳጉሜን 5 ቀን 1952 ዓ.ም.፣ የእንቁጣጣሽ ዋዜማ። ጳጉሜን ደግሞ እኔ ስዊዝ ሰዓት ላይ አይቻት የማላውቃት ወር ናት። ይህ ወደ ካሌንደር ይወስደናል፤ የምወደው ክፍል ስለሆነ ታገሡኝ።

ቀን ብቻ የሚያሳይ ተራ ሰዓት ሁሉንም ወር 31 ብሎ ይቆጥራል። ፈረንጅ በዓመት አምስት ጊዜ ያስተካክለዋል። ሰዓቱን በኛ ቀን የሚጠቀም ሰው ግን፣ ወሮቻችን ሁሉ 30 ስለሆኑና ጳጉሜን ስላለች፣ በዓመት 13 ጊዜ ያስተካክለዋል። ሰዓቱን በሐበሻ አቆጣጠር ለሚያስሩ አባቶች ሌላም ጉድ አለ፦ ቀኑ የሚለወጠው ቆጣሪው 12 ላይ ሲደርስ ስለሆነ፣ ለነሱ ወይ ጠዋት 12 ፀሐይ ስትወጣ ወይ ማታ 12 ይለወጣል። ማታ ከሆነም ስሕተት አትበሉት፤ ቤተ ክርስቲያን ቀኑን ከዋዜማው ትጀምር የለ? (በፈረንጅ ለምታስሩ ደግሞ ትንሽ ብልሃት፦ በኛና በነሱ መካከል ያለው ስድስት ሰዓት ነው፤ ስድስት ሰዓት ደግሞ ፊቱ ላይ ልክ ትይዩ ነው። የሰዓት ቆጣሪው ጭራ ካለው፣ ጭራው የሚያመለክተው የኛን ሰዓት ነው።)

ከተራው ከፍ ሲል አኑዋል ካሌንደር ይባላል። 30ና 31ን ይለያል፣ በዓመት አንዴ በየካቲት፣ ማለትም በነሱ ፌብሩዋሪ መጨረሻ፣ ይታረማል። ፓቴክ ፊሊፕ ያወጣው በ1996 እ.ኤ.አ. ነው። የመጨረሻው ፐርፔቹዋል ካሌንደር ነው፤ አራት ዓመቱን በሙሉ በጥርስ የሚያውቅ። ውስጡ አራቱን ዓመት የሚቆጥር ጎማ አለ፣ 1፣ 2፣ 3፣ 4። እኛ ማቴዎስ፣ ማርቆስ፣ ሉቃስ፣ ዮሐንስ የምንለው ማለት ነው! ግን «ፐርፔቹዋል» ዘለዓለማዊ ማለት ሆኖ ሳለ፣ እነዚህ ሰዓቶች ከጥቂት ልዩ ሥራዎች በቀር በ2100 እ.ኤ.አ. በእጅ መታረም አለባቸው። በጎርጎርዮስ አቆጣጠር 2100 በአራት ቢካፈልም 29ኛዋ ቀን የላትም፤ ሰዓቱ ግን ይህን አያውቅም። በኛ አቆጣጠር ጳጉሜን በየአራት ዓመቱ በዘመነ ሉቃስ መጨረሻ 6 ትሆናለች፣ ያለ ምንም ልዩነት። አንድ ሰዓት ሰሪ በኛ ካሌንደር ፐርፔቹዋል ቢሠራ ፈጽሞ አይታረምም። (የሁለቱ ካሌንደር ልዩነት ያኔ በአንድ ቀን ስለሚሰፋ፣ በ2101 እ.ኤ.አ. ገና በነሱ ጃንዋሪ 8 ይውላል።)

ጨረቃዋም እንዲሁ ናት። «ሙን ፌዝ» የሚባለው በትንሽ መስኮት የጨረቃን መሙላትና መጉደል የሚያሳይ ነው። ተራው 59 ጥርስ አለው፤ ከሁለት ዓመት ተኩል ትንሽ ከፍ ሲል አንድ ቀን ይሳሳታል። የተሻለው 135 ጥርስ ያለው ሲሆን በ122 ዓመት አንድ ቀን ይሳሳታል፤ ሻጮች ይህን በትልቁ ይጽፉታል። የባሕረ ሐሳቡ የ19 ዓመት ዑደት፣ አበቅቴና መጥቅዕ የምታሰሉበት፣ ጨረቃን አንድ ቀን ለመሳት ከ300 ዓመት በላይ ይፈጅበታል። ሊቃውንቱ ይህን በጣት አንጓ ነው የሚቆጥሩት።

አሁን ወደ ንጉሠ ነገሥቱ ሰዓት። ፓቴክ ፊሊፕ ሪፈረንስ 2497 የሚባል ፐርፔቹዋል ካሌንደር፣ ከነጨረቃው፣ ከ1951 እስከ 1963 እ.ኤ.አ. ሠርቷል፤ በጠቅላላው 115 ገደማ ብቻ። ከነዚህ አንዱ የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ነበር፤ በ1954 እ.ኤ.አ. ስዊዘርላንድን ሲጎበኙ እንደተበረከተላቸው ተነግሯል። ይህ ሰዓት ኅዳር 2010 ዓ.ም. ጄኔቫ ላይ በክሪስቲስ ሊጫረት ተዘጋጅቶ፣ ቤተሰቦቻቸው የባለቤትነት ጥያቄ ስላነሡ ከጨረታው ወጣ። ሰዓቱ እውነተኛ አይደለም ያለ የለም፤ ጥያቄው የማን ነው የሚል ነበር። የፈረንጅ ሰብሳቢዎች ለዚህ «ፕሮቬናንስ» የሚል ቃል አላቸው፤ የሰዓት የዘር ሐረግ ልንለው እንችላለን። ማን አሠራው፣ ለማን ተሰጠ፣ ከማን ወደ ማን አለፈ። ተመሳሳይ ሁለት ሰዓት ጎን ለጎን ቢቀመጡ ዋጋቸውን ብዙ እጥፍ የሚያራርቀው ይህ ሐረግ ነው፤ ሲጎድል ደግሞ እንደዚህኛው ሽያጩን ያስቆማል።

ለኛ ሰው ይህ የጄኔቫ ወሬ ብቻ አይደለም። ጃንሆይ ዘውዳቸውና የስማቸው ምልክት ያለበት ሰዓት በስጦታ ይሰጡ ነበር፤ እንዲህ ያሉ ሰዓቶች በውጭ ጨረታዎች ብቅ ይላሉ። ከተሸላሚዎቹ ምን ያህሉ ልጆች አሁንም መሳቢያ ውስጥ እንዳስቀመጡት፣ ምን ያህሉ አቅልጠው የጆሮ ጉትቻ እንዳሠሩት እግዜር ይወቀው። በርግጥ የአያት ሰዓት ሁሉ የንጉሥ ስጦታ አይደለም፤ አብዛኛው አይደለም። ግን ሳያነቡ መሸጥ ለሁሉም አንድ ነው።

ስለዚህ ለቢቸናዋ ልጅ የጻፍኩላት እንዲህ ነው። መጀመሪያ ክዳኑን ሰዓት ሰሪ ይክፈተው፣ በቢላ አትነካኩት። ሦስት ነገር ጻፉ፦ ሪፈረንስ፣ ሴሪያል፣ ካሊበር። በመኪና ብታስቡት ሪፈረንሱ ሞዴሉ ነው፣ ሴሪያሉ የሻንሲ ቁጥሩ፣ ካሊበሩ የሞተሩ ዓይነት። የኪስ ሰዓት ላይ ሪፈረንስ ላይኖር ይችላል፤ ሴሪያሉ ግን ብዙ ጊዜ አለ፤ አንዳንድ ፋብሪካዎች፣ ፓቴክ ፊሊፕን ጨምሮ፣ በሴሪያሉ መዝገባቸውን ፈልገው መቼ እንደተሠራና መቼ እንደተሸጠ ወረቀት ይሰጣሉ። ሁለተኛ፣ አታስወልውሉት፤ ፊቱንም አታስቀቡት። ቤታችን ዕቃ ሲያረጅ ማሳደስ ክብር ነው፤ በሰዓት ግን «ያልተነካ» የሚለው ቃል «የታደሰ» ከሚለው በጣም ይበልጣል። የጠየመው ፊትና የተጫረው ጀርባ ምስክር ናቸው። ሦስተኛ፣ አያትሽ ሰዓቱን ከማን እንዳገኙት የሚያውቅ ሰው በሕይወት ካለ አሁኑኑ ቅረጹት፤ ሰዓቱን አድርገው የተነሡት ፎቶ ካለም ፈልጉ። ይህ ሁሉ ተደርጎ ቤተሰቡ ልሽጥ ካለ ይሽጥ፤ ችግር መጥቶ መሸጥ ነውር የለውም። በግራም ግን አይሁን።

ለሞጣው ልጅ ደግሞ ሌላ መከርኩት። አባትህ አርሶ አደር ናቸው፤ ክሮኖግራፍ ቁልፉ ለጭቃና ለአቧራ በር ነው፣ ተጨማሪ ሞተሩንም ሞጣ ላይ የሚፈታ ማግኘት ይከብዳል። «30 ሜትር» የሚለውን አይተህም ውኃ አይፈራም ብለህ አትደምድም፤ ያ የላብራቶሪ ግፊት ነው፣ በተግባር እጅ ሲታጠቡ ለሚረጭ ነው። ዝናብና ወንዝ ለሚያገኘው 100 ሜትር ይሻላል። ቱርቢዮን የሚባለውንማ እርሳው። ብሬጌ በ1801 እ.ኤ.አ. መብት ያገኘበት ለኪስ ሰዓት ነበር፤ ኪስ ውስጥ ቀጥ ብሎ ስለሚቆም የመሬት ስበት እንዳያዛባው የምትወዛወዘውን ጎማ ከነመቆጣጠሪያዋ የሚያሽከረክር ነው። እጅ ላይ ሁሌም የሚገላበጥ ሰዓት ምን ያደርግለታል? በእኔ ዓይን ጌጥ ነው፣ በቤት ዋጋ የሚሸጥ ጌጥ።

አገራችን ሰው ሲኮ ፋይቭ የሚለው ሰዓት ከ1963 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ያለ ነው። «ፋይቭ» ለምን እንደተባለ ስጠይቅ ብዙ ሰው ጥራቱ አምስተኛ ደረጃ ስለሆነ ይላል። ኧረ አይደለም! አምስት ነገር አሟልቶ ነው፦ ራሱን ይሞላል፣ ቀኑንና ዕለቱን በአንድ መስኮት ያሳያል፣ ውኃ ይከላከላል፣ መሙያው አራት ቁጥር ላይ ገባ ብሎ ተቀምጧል፣ ቅርፊቱና ማሰሪያው ጠንካራ ነው። ፎርጅዱ ግን ብዙ ስለሆነ ከታወቀ ቤት ይገዛ። «ክሮኖሜትር የሚል አልተጻፈበትም፣ ቅር አይላቸውም?» አለኝ። አባትህ ለቅዳሴ የሚነሡት በዶሮ ነው፤ በቀን ስድስት ሰከንድ አይጎዳቸውም ብዬዋለሁ።

ቤታችሁ የድሮ ሰዓት ያላችሁ፣ የክዳኑን ውስጥ ምልክት ፎቶ አንሥታችሁ ላኩልኝ፣ አብረን እናነበዋለን። ሴሪያል ቁጥሩን ግን በውስጥ መስመር እንጂ እዚህ አደባባይ ላይ አትለጥፉት። ሌላ አንድ ነገር፦ ሞጣና ቢቸና አካባቢ ሰዓት ሰሪዎች ያቺን የምትወዛወዘውን ጎማ ምን ብለው እንደሚጠሯት የምታውቁ ካላችሁ ጻፉልኝ፤ እኔ የሰማኋቸው ስሞች ከሰው ሰው ይለያያሉ።